ሦስት መሐረብ ለአንድ ምረቃ

ቶኩጂ፦ ስንት መሐረብ ይዘሃል አልኩህ!

ሴንኪቺ፦ አንድም አልያዝኩ ጋሼ። ጉንፋን የለብኝም።

ቶኩጂ፦ ጉንፋን? ለምረቃ እየሄድክ ስለ ጉንፋን ታወራለህ? መሐረብ ለአፍንጫ ነው ያለህ ማነው? ለዓይን ነው! ሦስት ያስፈልጋል፤ ሦስት!

ሴንኪቺ፦ ዓይኔ እኮ ሁለት ነው።

ቶኩጂ፦ ወይ ይሄ ሰውዬ! አንዱ ታናናሾቹ ተማሪዎች የስንብት መዝሙር ሲዘምሩ ነው። ሁለተኛው ተመራቂዎቹ ሲመልሱላቸው። ሦስተኛው ኮቶኖ ፒያኖውን ስትነካው። በቃ፣ ሂሳቡ ይሄ ነው።

ሴንኪቺ፦ እኔ ፎጣ ይዣለሁ። አንድ ናት፤ በስፋቷ ግን ሦስቱንም ታክላለች።

ቶኩጂ፦ የገላ ፎጣ?! ትምህርት ቤት ነው ወይስ ፍል ውሃ ነው የምትሄደው?

[ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንዲት የሰሜን ጃፓን የወደብ ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው በረዶ ከጫማቸው እያራገፉ ነው። ወሩ መጋቢት ነው። ቶኩጂ የሰፈሩ የካራኦኬ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ የማያውቁት ዘፈን የለም፣ ከዘፈን ውጭም የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም። ሴንኪቺ የሟች ሚስታቸው ታናሽ ወንድም ሲሆን ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ። ኮቶኖ ደግሞ የቶኩጂ የልጅ ልጅ ናት፤ ቤቷ ከእነሱ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ስትመረቅ አያቷ የዘፈን ውድድር ሊዳኙ ሄደው ቀሩባት። አልተቆጣችም፣ ዝም ነው ያለችው፤ ያቺ ዝምታ ናት እስከ ዛሬ የምትከነክናቸው። አሁን ከዘጠነኛ ክፍል ስትመረቅ የመዝሙሩን ፒያኖ የምትጫወተው እሷ ናት። ዛሬም ከቀሩ በዚህ ምድር ይቅርታ የላቸውም። ስለዚህ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ከረባት አስረው፣ ቁም ሳጥን ቁም ሳጥን እየሸተቱ መጥተዋል።]

ሴንኪቺ፦ ጋሼ፣ ጫማችንን አስወልቀው የሰጡን ይሄ ነጠላ ጫማ ተረከዜን አልያዘልኝም።

ቶኩጂ፦ የትምህርት ቤት የእንግዳ ነጠላ ጫማ የማንንም ተረከዝ ይዞ አያውቅም። እየጎተትክ ተራመድ።

[እየጎተቱ ወደ ስፖርት አዳራሹ ገቡ። ቀይና ነጭ መጋረጃ ዙሪያውን ተወጥሯል፤ ትልቁ የላምባ ማሞቂያ ያጓራል። የወላጆች ወንበሮች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ አንድም ሰው አልተቀመጠባቸውም።]

ሴንኪቺ፦ ወላጆቹ የታሉ?

ቶኩጂ፦ ወላጅ! የዘንድሮ ወላጅ! ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ያያላ።

ሴንኪቺ፦ የኮቶኖ እናትና አባትስ?

ቶኩጂ፦ አባትዬው ዓሣ ፋብሪካ፣ እናትዬዋ ፋርማሲ። ለዚህ እኮ ነው እኔ የተፈለግሁት! ወላጅ ሲጎድል ቤቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው አያት ነው።

ሴንኪቺ፦ እዚያ መድረኩ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ቱታ ነው የለበሰው። አንገቱ ላይ ፊሽካ አለ።

ቶኩጂ፦ ርእሰ መምህሩ ነው።

ሴንኪቺ፦ በቱታ?

ቶኩጂ፦ ትሕትና ነው። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፤ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

[ባለ ቱታው ሰውዬ ሁለቱን ሲያይ ከመድረክ ወርዶ እየሮጠ መጣ። ለሴንኪቺ ራሱን ነቅነቅ አደረገለት፤ ለቶኩጂ ግን ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሳ። ከዚያ «የክብር እንግዶች» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው የፊት ወንበሮች ላይ አስቀመጣቸው። ቶኩጂ ደረታቸው ተነፋ።]

ቶኩጂ፦ አየህ? አየህ አይደል? ገና በሩን ስረግጥ ነው ያወቀኝ።

ሴንኪቺ፦ የት ያውቅዎታል?

ቶኩጂ፦ በበጋው በዓል ላይ ስዘፍን አይቶኛላ።

ሴንኪቺ፦ ያኔ እኮ መብራት ጠፍቶ ነበር።

ቶኩጂ፦ ድምፄን ነዋ የሚያውቀው!

[ሙዚቃ ተከፈተ። ተመራቂዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ። ቶኩጂ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ልጆቹ ወንበራቸው ጋ ሲደርሱ ባለ ቱታው ፊሽካውን ነፋ፤ ሁሉም ዞረው ወጡና እንደገና መግባት ጀመሩ።]

ሴንኪቺ፦ ጋሼ፣ ተመልሰው ወጡ እኮ።

ቶኩጂ፦ አጨብጭብ!

ሴንኪቺ፦ አሁን ደግሞ ገቡ።

ቶኩጂ፦ የመጀመሪያው ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ሁለተኛው ለክብር እንግዶቹ። ለእኛ መሆኑ ነው! አጨብጭብ አልኩህ፣ ባለጌዎች አንባል።

ሴንኪቺ፦ ኮቶኖን አይተዋታል?

ቶኩጂ፦ ስትገባ አየኋት፤ ስትገባ ደግሞ አየኋት። እንዴት አድጋለች በናትህ! [መሐረብ አወጡ።]

ሴንኪቺ፦ መዝሙሩ እኮ ገና አልተጀመረም።

ቶኩጂ፦ ይሄ ከሂሳቡ ውጭ ነው።

[ባለ ቱታው «ተነሱ!» ሲል ሁሉም ተነሱ፤ ቶኩጂም ተነሱ። «እጅ ንሱ! ቁጭ በሉ! አልሆነም፣ እንደገና! ተነሱ!» ነገሩ እንዲህ እያለ ቀጠለ።]

ቶኩጂ፦ ወገቤ... ወገቤን...

ሴንኪቺ፦ እርስዎ ለምን ይነሳሉ? ልጆቹን እኮ ነው።

ቶኩጂ፦ የክብር እንግዳ ተጎልቶ አያይም!

ሴንኪቺ፦ ይሄ ሁሉ መነሳትና መቀመጥ ግን ለምንድነው?

ቶኩጂ፦ ደማቸው እንዲዘዋወር ነው። ማሞቂያው እኛ ጋ ነው ያለው፤ ልጆቹ ጋ ምን አለ? አርቆ አሳቢ ርእሰ መምህር ነው።

[ልጆቹ ተቀመጡ። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ እስኪዘጋጅ ትንሽ ፋታ ተገኘ። ቶኩጂ ፋታ አይወዱም፤ ማስተማር ጀመሩ።]

ቶኩጂ፦ ስማ፤ የምረቃ ዘፈን አራት ዓይነት ነው። አበባ ያለበት፣ ክንፍ ያለበት፣ መንገድ ያለበት፣ ባቡር ያለበት። ከነዚህ ውጭ የሚዘፍን ወጣት ካለ ገና አልበሰለም።

ሴንኪቺ፦ ባቡሩ ምን ያደርጋል?

ቶኩጂ፦ ልጁ ወደ ቶኪዮ ይሄድበታላ! ልጅቷ ጣቢያው ላይ ትቀራለች፤ እጇን ታውለበልባለች። አንጀት ይበላል።

ሴንኪቺ፦ የእኛ ከተማ ባቡር እኮ ቆሟል። አውቶቡስ ነው ያለን።

ቶኩጂ፦ ስለ አውቶቡስ ማን ዘፈን ይጽፋል?

ሴንኪቺ፦ ታዲያ የእኛ ልጆች በምን ያልቅሱ?

ቶኩጂ፦ ባቡር ነው ብለው ያስቡት! አንተ ስትመረቅ በምን አለቀስክ?

ሴንኪቺ፦ እኔ የምሳ ሳጥኔን ረስቼ ነው ያለቀስኩት። ጋሼ፣ ዛሬም ሴቶቹ ከሚወዱት ልጅ ኮት ላይ ሁለተኛውን ቁልፍ ይለምናሉ?

ቶኩጂ፦ ይለምናሉ እንጂ! በልብ ትይዩ ያለው እሱ ነዋ። እኔ የተመረቅሁ ዕለት ሁለተኛው ብቻ መሰለህ? አምስቱንም ነው ቆርጠው የወሰዱብኝ፤ ኮቴ እንደ ተከፈተ ነው ቤት የገባሁት።

ሴንኪቺ፦ እህቴ ግን አምስቱም መሳቢያ ውስጥ አሉ ትል ነበር።

ቶኩጂ፦ ምን?

ሴንኪቺ፦ «ሰው እንዳይስቅበት መንገድ ላይ ራሱ ነው የቆረጣቸው» ብላ እያሳየች ትስቅ ነበር።

ቶኩጂ፦ ...ወደ መድረኩ ተመልከት! ምስክር ወረቀት ሊሰጥ ነው!

[ምክትል ርእሰ መምህርቷ መድረኩ ላይ ቆመች። የመጀመሪያው ተመራቂ ስም ተጠራ። ልጁ ወጣ። ምክትሏ ሁለት ባዶ እጇን ዘረጋችለት፤ እሱም ሁለት ባዶ እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፤ እጅ ነስቶ ወረደ።]

ሴንኪቺ፦ ጋሼ! ባዶ እጁን ሰደደችው!

ቶኩጂ፦ ድምፅህን ቀንስ።

ሴንኪቺ፦ አየር ነው የሰጠችው! እሱም አየሩን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወረደ!

ቶኩጂ፦ [ትንሽ አሰቡ።] ዲጂታል ነው።

ሴንኪቺ፦ ምን?

ቶኩጂ፦ ዲጂታል! ድሮ ወረቀት ነበር። ዘንድሮ በአየር ይላካል፤ ስልካቸው ላይ ይገባል። አንተ ጋዜጣ ስለማታነብ ነው።

ሴንኪቺ፦ በአየር የሚላክ ከሆነ ልጁን እጁን ምን አስዘረጋው?

ቶኩጂ፦ ኔትወርክ እንዲይዝለት።

ሴንኪቺ፦ አሃ! የቀሩትን ልጆች ደግሞ «እንዲሁ፣ እንዲሁ» ብላ አለፈቻቸው።

ቶኩጂ፦ አንዴ ከተላከ ለሁሉም ይደርሳላ! ምን ነካህ ዛሬ?

[አንዲት መምህርት ማይክራፎኑን ይዛ «ቀጥሎ የክብር እንግዳ መልእክት» አለች። «ይሄኛውን እናልፈዋለን» የሚለውን ሳትጨርስ ቶኩጂ መድረኩ ላይ ነበሩ።]

ሴንኪቺ፦ [ኮታቸውን ሊይዝ ሞክሮ ስቶ] ጋሼ! እናልፈዋለን አለች!

ቶኩጂ፦ [በማይክራፎኑ] ይሰማል? አንድ፣ ሁለት... ይሰማል። ውድ ተመራቂዎች! በያዝነው ወር አገሩ ሁሉ የምረቃ ዘፈን ነው። ዳቦ ቤቱ የምረቃ ዘፈን፣ ፀጉር ቤቱ የምረቃ ዘፈን፣ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ሳይቀር የምረቃ ዘፈን! ትናንት ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ስለ ስንብት ሲዘፈን ሰምቼ አለቀስኩ። ሐኪሙ «አመመዎት?» አለኝ። «አዎ፣ ልቤን!» አልኩት።

ሴንኪቺ፦ [ከታች] ጥርስዎን ነበር! እስከ ማታ ሲጮኹ ነው ያመሹት!

ቶኩጂ፦ ዝም በል አንተ! ውድ ተመራቂዎች፣ ዘፈኑ ሁሉ የቼሪ አበባ ረገፈ፣ የቼሪ አበባ በነነ ይላል...

ሴንኪቺ፦ እዚህ እኮ የሚረግፈው በረዶ ነው። አበባው ገና ነው።

ቶኩጂ፦ [ወደ መስኮቱ ዞረው በረዶውን አዩ።] አዎ! ዘፈን ጸሐፊዎቹ ሁሉ ቶኪዮ ስለሆኑ ነው! የእኛ አበባ ሲፈነዳ እናንተ አዲሱ ትምህርት ቤት ገብታችሁ የቤት ሥራ በዝቶባችኋል፤ ቀና ብላችሁም አታዩት። ስለዚህ ዛሬ አበባ ስትሉ በረዶ እያያችሁ ዘምሩ። ማልቀሱ ያው ነው! አመሰግናለሁ!

[አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ባለ ቱታው ራሱ አፉን በፊሽካው ሸፍኖ ይንፈቀፈቃል። ቶኩጂ እንደ ነገሠ ሰው ወርደው ተቀመጡ። ወዲያው ታናናሾቹ ተማሪዎች ተነሥተው ያንን አሮጌውን የስንብት ዜማ ጀመሩ፤ ገበያ አዳራሽ ሁሉ ሊዘጋ ሲል የሚለቀቀውን። ሴንኪቺ ብድግ አለ።]

ቶኩጂ፦ ወዴት ነው?

ሴንኪቺ፦ ሊዘጋ ነው እኮ! እንቁላል አልገዛንም!

ቶኩጂ፦ ቁጭ በል! መዝሙር ነው!

ሴንኪቺ፦ ይቅርታ ጋሼ። ይሄን ዜማ ስሰማ እግሬ ራሱ ነው ወደ መክፈያው የሚሄደው። እርስዎስ ቦርሳዎን ምን አስወጣዎት?

ቶኩጂ፦ [ቦርሳቸውን ኪሳቸው ውስጥ እየመለሱ] ...መሐረብ ፈልጌ ነው።

[ዜማው አለቀ፤ አንድ መሐረብም አብሮት አለቀ። ተመራቂዎቹ ተነሱ። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ወጥታ ወደ ፒያኖው ሄደች።]

ቶኩጂ፦ ያቻት። ፈርታለች።

ሴንኪቺ፦ በምን አወቁ?

ቶኩጂ፦ ትከሻዋን አታይም? ያቺ ልጅ ስትፈራ ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ይደርሳል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። ይሄን እንኳ የምሬን ነው የማውቀው።

[መዝሙሩ ተጀመረ። በዚህ ወር ሬዲዮው ሁሉ የሚጫወተው፣ ክንፍ ያለበት ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ የኮቶኖ ጣቶች ቆሙ። መዘምራኑም ቆሙ።]

ሴንኪቺ፦ ጋሼ፣ ቆመች።

ቶኩጂ፦ ዝም።

ሴንኪቺ፦ ለምን ነው የቆመችው?

ቶኩጂ፦ ዝም በል አልኩህ! አላውቅም። ይሄን አላውቅም ሴንኪቺ። ምነው ልጄን... ምነው...

[ባለ ቱታው «ከሁለተኛው አንቀጽ እንደገና» አለ። ኮቶኖ እጇን አነሳች፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ደርሷል። ይሄኔ ከቶኩጂ ደረት ውስጥ፣ በጉም ቀን መርከብ እንደሚነፋው ያለ አንድ ለቅሶ አመለጠ። ሊመልሱት ሞከሩ፤ ባሰበት። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አያቸው። ኮቶኖም ዞረች። አያቷ ሁለት እርጥብ መሐረብ ጭናቸው ላይ፣ ሦስተኛውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ይነፋረቃሉ። መጀመሪያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። ትከሻዋ ወረደ። ሁለተኛውን አንቀጽ ጀመረች፤ እስከ መጨረሻው ድረስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈችም።]

ሴንኪቺ፦ ጋሼ፣ ጨረሰችው። ጨረሰችው እኮ!

ቶኩጂ፦ ፎጣውን አምጣ።

ሴንኪቺ፦ የገላ ፎጣ ነው ብለው...

ቶኩጂ፦ አምጣ አልኩህ!

[ቶኩጂ ፎጣው ውስጥ ገቡ። ደስታቸው ልክ የለውም፤ መጥተዋል፣ ሰምተዋል፣ ከእንግዲህ ማንም ቀሩ አይላቸውም። ባለ ቱታው ማይክራፎኑን ያዘ፤ «ጎበዞች! ነገ ለእውነተኛው ምረቃ ልክ እንዲሁ ነው። ዩኒፎርማችሁን ተኩሳችሁ ኑ። ልምምዱ እዚህ ላይ አብቅቷል» አለ። ቶኩጂ ፎጣውን ከፊታቸው ቀስ ብለው አወረዱ።]

ቶኩጂ፦ ምን አለ?

ሴንኪቺ፦ ዩኒፎርም ተኩሱ አለ።

ቶኩጂ፦ ከዚያ በፊት።

ሴንኪቺ፦ ጎበዞች አለ።

ቶኩጂ፦ ከጎበዞች በኋላ፣ ከዩኒፎርሙ በፊት!

ሴንኪቺ፦ «ነገ ለእውነተኛው ምረቃ»።

ቶኩጂ፦ ነገ?! ታዲያ ይሄ... ይሄ ልምምድ ነው? አንተ ድንጋይ! ዛሬ ኮቶኖ ትጫወታለች ብለህ የጎተትከኝ አንተ አይደለህም? ለልምምድ ሦስት መሐረብ ጨረስኩ! ለልምምድ ንግግር አደረግሁ! ግድ የለም፣ ነገም እመጣለሁ። እዚችው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

ሴንኪቺ፦ ነገ አይገቡም ጋሼ።

ቶኩጂ፦ ማነው የሚከለክለኝ?

ሴንኪቺ፦ ጣሪያው። ግማሹን በረዶ ጎድቶታል፤ በዚያ በኩል ሰው አይቀመጥም። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ወንበር ብቻ ነው የደረሰው። ለእናትና ለአባት።

[ቶኩጂ ጣሪያውን አዩ፤ ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ስም የተለጠፈባቸው መሆኑን ገና አሁን አስተዋሉ።]

ቶኩጂ፦ ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?

ሴንኪቺ፦ ኮቶኖ ከነገረችኝ ጀምሮ። በየልምምዱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጣቷ ይቆማል። ዛሬም አልሆንልሽ ካላት ፒያኖው ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ነበር። «አያቴ ፊት ለፊት ቢቀመጡ አልፈራም፤ ነገ ደግሞ ከበር ከሚመለሱ ዛሬ ይስሙኝ» ብላ ባለ ቱታውን መምህር ለመነችው። እሱም እሺ አላት።

ቶኩጂ፦ ለእኔስ ብትነግረኝ? ልምምድ ነው ብትለኝ አልመጣም ነበር?

ሴንኪቺ፦ ይመጡ ነበር። ግን አያለቅሱም። እርስዎ ልምምድ ላይ ነጥብ ነው የሚሰጡት።

ቶኩጂ፦ ...እሺ። ታዲያ ከሰው ሁሉ መርጣ ለአንተ? አንተ እኔን የምታታልልበት ምን ብልሃት አለህ?

ሴንኪቺ፦ እኔም ይሄንኑ ነው የጠየቅኋት። «ምንም መዋሸት የለብህም አጎቴ። ዓይንህ ያየውን ብቻ ጠይቃቸው፤ መልሱን አያቴ ራሳቸው ይፈጥሩታል» አለችኝ።

[ቶኩጂ ፎጣውን አጣጠፉ፤ ዘረጉት፤ እንደገና አጣጠፉት።]

ቶኩጂ፦ ኔትወርኩም...

ሴንኪቺ፦ እሱን እኔም አምኜ ነበር ጋሼ።

[ኮቶኖ በወንበሮቹ መሐል እየሮጠች መጣች። «አያቴ፣ ተመረቅሁ! ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ» አለች። ፊቷን ኮስተር አድርጋዋለች፤ ሳቁ ግን ከንፈሯ ጥግ ላይ አላስቀምጥ ብሏታል። ቶኩጂ አፋቸውን ከፈቱ። ሴንኪቺ አሁን ጉድ ፈላ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።]

ቶኩጂ፦ እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ! እንዲህ ያለ ምረቃ በዕድሜዬ አላየሁም! ያ ሁለቴ መግባታችሁ ራሱ!

[ኮቶኖ አፏን በሁለት እጇ አፍና፣ እጅ ነስታ፣ ወደ ጓደኞቿ በረረች። ከጓደኞቿ መሐል የሳቅ ጩኸት ተሰማ።]

ሴንኪቺ፦ ማወቅዎን አልነገሯትም።

ቶኩጂ፦ ምን ሆኜ ነው የምነግራት? አያቴን ሸወድኳቸው ብላ እንዴት ደስ እንዳላት አላየህም? አንድ ቀን እንኳ የማላውቀው ነገር ይኑረኝ።

ሴንኪቺ፦ ነገ ጠዋት ግን ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ እናትና አባቷም ክታቸውን ለብሰው በመስኮታችን ስር ማለፋቸው አይቀርም። ያኔስ ዝም ይላሉ?

ቶኩጂ፦ ዝም? ኧረ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው የምጠይቃት! «ኮቶኖ፣ ትናንት ተመርቀሽ የለም እንዴ? ዛሬ ደግሞ ተሰልፋችሁ ወዴት ናችሁ?» እላታለሁ። መልሱን ደግሞ እሷ ትፍጠረው!